ዝም ያለው ስክሪፕት

ትናንት ማታ ሰርቨሩን ወደ ፒኤችፒ 8.1 (ስክሪፕቶቼን የጻፍኩበት የፕሮግራም ቋንቋ) አሳደግኩት። ጠዋት ሳየው ሌሊት ሌሊት የደንበኞችን ትዕዛዝ ከዳታቤዝ የሚያወጣልኝ ስክሪፕቴ ወድቋል። «አፕዴቱ ጉድ ሠራኝ» አልኩ። ፒኤችፒን ከዳታቤዝ የሚያገናኘውን የማይኤስኪውኤልአይን የኤረር ሪፖርት አጥፍቼ ወደ ድሮው ልመልሰው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ደግነቱ መጀመሪያ ሎጉን ከፈትኩ። ኤረር 1054፤ እንዲህ የሚባል ከለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) የለም ይላል። የከለሙን ስም የቀየርኩት ራሴ ነኝ። ያውም ከሦስት ሳምንት በፊት!

ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስክሪፕቱ ምን ሲለኝ ከረመ? በየጠዋቱ «አዲስ ትዕዛዝ የለም» የሚል ኢሜይል ይልክልኝ ነበር። እኔም ሥራው ቀዝቅዟል ብዬ ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔው ግን ዝም ብሎ ነቀዘ።

ጥፋቱ ያለው አራት መስመር በማትሞላ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ድሮ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) ሲከሽፍ ማይኤስኪውኤልአይ ፎልስ (ሐሰት) ይመልስ ነበር። እኔ ደግሞ «ፎልስ ከመጣ ባዶ አሬይ (ዝርዝር) መልስ» ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ የሚያልፈው ፎርኢች ላይ ዋርኒንግ እንዳይወጣብኝ ነው፤ ያኔ ብልጠት መስሎኝ ነበር። ከ8.1 ጀምሮ ግን ካልከለከሉት በቀር ኤክሴፕሽን (ካልተያዘ ስክሪፕቱን የሚያቆም ስሕተት) ይወረውራል። ብልጠቴም እዚያው ላይ አከተመ።

ዕቃ አምጣ ብዬ የላክሁት ልጅ ባዶ እጁን ቢመለስ፣ ዕቃው አልቆ ነው ወይስ በሩ ተቆልፎበት? እኔ ስክሪፕቱን ይህን እንዳይነግረኝ አፉን ለጉሜው ኖሯል።

ፈንክሽኗን ሰረዝኳት። አሁን ኩዌሪው ከከሸፈ የኤረሩ ቁጥር ሎግ ላይ ይጻፋል፣ ስክሪፕቱም በኮድ 1 (አልተሳካም በሚል ምልክት) ይወጣል። ምንም ካልተገኘ «ኩዌሪው ሠርቷል፣ 0 ረድፍ» ይላል።

ምንም ትዕዛዝ በሌለበት ቀን ስሞክረው ሌላ ጉድ ወጣ። ቆጣሪው ካውንት 0 ሰጠኝ፣ ደማሪው ሰም (SUM) ግን ነል፣ ማለትም ምንም ዋጋ የለም። ድምሩ ኢሜይሉ ላይ ክፍት ቦታ ሆኖ ቀረ። ነልን በሌላ ዋጋ የሚተካውን ኮአሌስ ጨምሬ ወደ 0 ቀየርኩት። ባዶነትም ዓይነት አለው ለካ።

ከዚያ ያችኑ ብልጠት በሌሎቹ ፋይሎች ውስጥ ፈለግሁ። አሥራ አንድ ቦታ ላይ አለች። ሁለቱን አስተካክያለሁ። ሦስተኛው የባክአፑ ስክሪፕት ነው፤ እሱን ለመክፈት ድፍረቱን ነገ አገኛለሁ።