ካታሎጉ ኮሃ ላይ ሲወጣ አማርኛው የት የት ይሰበራል?

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ታክሲ እየጠበቀ በስልኩ መጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪ «ሀይማኖት» ብሎ ይጽፋል። ሽፋኑ ላይ የታተመው «ሃይማኖት» ነው። ካታሎጉ «አልተገኘም» ይላል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ አቧራ እየጠጣ ተቀምጧል።

ኮሃ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግና ማዋስ የሚመራበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። በኒው ዚላንድ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። ቁልፎቹን መልመድ የሳምንት ሥራ ነው፤ መጽሐፍ ማዋስ፣ መመለስ፣ አባል መመዝገብ ማንም ይይዘዋል። ሥልጠናዎቹ ግን በአብዛኛው እዚያው ቁልፉ ላይ ያበቃሉ። ሥራው የሚታሰረው በፊደል፣ በስምና በዓመተ ምሕረት ነው።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከአንድ አሮጌ የኤክሴል ፋይል ነው። ወደ ኮሃ ከመጫኑ በፊት አንድ ርዕስ ኮፒ አድርጋችሁ የብሮውዘሩ አድራሻ መጻፊያ ላይ ለጥፉት። በአማርኛ ከታየ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ነው። የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ከመጣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ነው። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ብቻ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተተየበ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በልማድ ቀጥሏል። ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ሶፍትዌር መጠቀም ያለባችሁ ፋይሉ ገና ኤክሴል ወይም ወርድ ውስጥ፣ ፎንቱን እንደያዘ ሳለ ነው። ከድሮዎቹ ፎንቶች አንዳንዶቹ ፊደላችንን ከአንድ በላይ በሆነ የፎንት ፋይል ከፋፍለው ያስቀምጡ ስለነበር፣ የፎንቱ መረጃ ከጠፋ አንዱ ኮድ የትኛው ፊደል እንደነበር ማወቂያ የለም።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ «ሴቭ አዝ» ላይ ነው። ተራውን ሲኤስቪ (ዓምዶችን በነጠላ ሰረዝ የሚለይ የጽሑፍ ፋይል) ከመረጣችሁ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ደግሞ አይመለስም። መመረጥ ያለበት «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የኤክሴል ፋይል በምንም ምክንያት አታጥፉ። የባርኮድና የአይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ዓምዶችን ደግሞ ከመተየብ በፊት «ቴክስት» አድርጓቸው። አለበለዚያ 00127 ወደ 127 ይቀየራል፤ 13 አሃዙ አይኤስቢኤን ደግሞ «9.78ኢ+12» ሆኖ ይታያል፤ ሲኤስቪ ውስጥም እንደታየው ስለሚቀመጥ የኋለኞቹ አሃዞች ይጠፋሉ። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ብዙዎቹ በ978-99944 ስለሚጀምሩ መጀመሪያቸውን በዓይን ማመሳከር ቀላል ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ። በድምፅ አንድ የሆኑብን ቤተሰቦች ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ የሚለያዩት መ እና ለ የሚለያዩትን ያህል ነው። የካታሎግ መዝገብ ክፍሎች ማርክ በሚባለው ሥርዓት በቁጥር ይጠራሉ፤ ርዕሱን 245 ቁጥር ፊልድ ላይ እንደታተመ አስገቡ፤ የደራሲን ፊደል የማረም ሥልጣን ካታሎገር የለውም። ለፍለጋ የሚሆነውን ወጥ አጻጻፍ የርዕሱ ሌላ ቅጽ በሚገባበት 246 ላይ ጨምሩ። ይህን በእጅ መተየብ አያስፈልግም፤ ጉግል ሺትስ ላይ አንድ ዓምድ ከፍታችሁ በመተኪያ ቀመር ማውጣት ይቻላል። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ እያንዳንዳቸው በሰባት ድምፅ 35 መተካት ይሆናሉ፤ መጨረሻ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚለውጡ 2 ሲጨመሩ 37። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ኃ መጀመሪያ ሃ ይሆናል፣ ከዚያ ሃ ሀ ይሆናል። ኋ ግን አይነካም፤ ሌላ ድምፅ ነው።

ይህ ዘዴ እንደታተመው የሚጽፈውንና በስልክ ቀለል አድርጎ የሚጽፈውን አንባቢ ያገለግላል። «ሐይማኖት» ብሎ የሚጽፈውን ግን አያገኘውም። ለእሱ መፍትሔው ከፈላጊው ሞተር ውስጥ ነው። ኮሃ ዜብራ በሚባለው ማውጫ የሚሠራ ከሆነ፣ የማውጫው አሠራር ከ«ሲኤችአር» ወደ «አይሲዩ» መቀየር አለበት፤ የፊተኛው ለላቲን ፊደል የተሰናዳ ነው። አይሲዩ የቃላት ደንብ ፋይሉ ላይ «ሐ ካየህ ሀ አድርግ» የሚሉ መስመሮችን ይቀበላል፤ ደንቡም በመዝገቡም በአንባቢው ጥያቄም ላይ ይሠራል። ከዚያ ማውጫው ከባዶ መገንባት አለበት። ይህ ካልተደረገ ለውጡ በአሮጌዎቹ መዛግብት ላይ አይታይም፤ ባለሙያውም «አልሠራም» ብሎ ደንቡን መልሶ ያጠፋዋል። የአይሲቲ ክፍሉን ልትለምኑ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ለመግቢያ ገጹ ቀለም አይደለም።

በቀድሞ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ቃላትን የሚለያየው ፡ በባዶ ቦታ ይተካ። በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ከተተየበ ይብሳል፤ በካታሎግ ሥርዓተ ነጥብ ያ ምልክት ንኡስ ርዕስን የሚያስጀምር ነው።

ስም ላይ ስንደርስ ፈረንጅኛው ሥርዓት ጨርሶ አይገጥመንም። የደራሲ ስም በሚገባበት 100 ፊልድ ላይ የመጀመሪያው ጠቋሚ (ከፊልዱ ቁጥር ቀጥሎ ያለው አሃዝ) 1 ከሆነ «የቤተሰብ ስም ይቀድማል» ማለት ነው፤ አበበ ከበደ «ከበደ፣ አበበ» ይሆንና መጽሐፉን አባትየው የጻፉት ይመስላል። ለኢትዮጵያ ስም ጠቋሚው 0 ነው፤ ስሙም እንደሚጠራው ያለ ነጠላ ሰረዝ ይገባል። ዞቴሮ የተባለውን የዋቢ መጻሕፍት ማደራጃ ሶፍትዌር የሚጠቀም ተማሪ ሲጠይቃችሁም መልሱ ያው ነው፦ ከስሙ ሳጥን ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ሁለቱን ሳጥን አንድ ማድረግ። ዶ/ር፣ ብላታ፣ መምህር የሚሉት ማዕረጎች በ«ሲ» ንኡስ ፊልድ ይቀመጡ፤ ከስሙ ፊት ከገቡ የአገሩ ዶክተር ሁሉ በደ ሥር ይሰለፋል። ገ/ማርያም፣ ገብረ ማርያም እና ገብረማርያም ሦስት ሰው እንዳይሆኑ አንዱን ቅጽ መርጣችሁ በሥልጣን መዝገብ (የስሞች ወጥ ቅጽ በሚያዝበት መዝገብ) 100 ላይ፣ የቀሩትን 400 ላይ ጻፉ። አድካሚ ነው። ግን ለአንድ ደራሲ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው።

ዓመተ ምሕረቱስ? 1998 የሚል መጽሐፍ ያለ ማብራሪያ ከገባ፣ በፈረንጆቹ 1998 ከታተሙት ጋር ተደባልቆ ይደረደራል። ወሩ የሚታወቅ ከሆነ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል (ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። ወሩ ካልተጻፈ የኅትመት መረጃ በሚገባበት 264 ላይ «1998 [2005 ወይም 2006]» ብላችሁ፣ ኮዶች በሚገቡበት 008 ላይ የቀኑን ዓይነት አጠራጣሪ በሚለው ኮድ አድርጋችሁ ሁለቱንም ዓመታት አስገቡ። ኮሃ በዓመት ሲደረድር የሚያየው 008ን ነው። በግዕዝ ቁጥር የታተመውን ስታነቡ ፲፱፻ን አንድ ላይ ያዙት፤ ፲፱፻፶፰ ማለት 1958 ነው።

የቋንቋ ኮድ ለአማርኛና ለግዕዝ ይለያያል፤ የጸሎት መጻሕፍትን ሁሉ አማርኛ አታድርጉ። ምደባውን በዲዊ የቁጥር ሥርዓት የምትሠሩ ከሆነ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ካታሎጎች መዝገብ በሚለዋወጡበት ዜድ 39.50 በኩል ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ መቅዳት ብዙ ትየባ ያድናል፤ የአማርኛው ርዕስ ግን ነጥብና ሰረዝ በተጨመረበት የላቲን ፊደል ሊመጣ ይችላል። 245ን በፊደላችን ጽፋችሁ ላቲኑን ወደ 246 ብታወርዱት ለአንባቢ ይበጃል ባይ ነኝ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጫኑ። 50 መጻሕፍት ምረጡ፦ ግማሹ ተራ፣ ግማሹ አስቸጋሪ፤ በግዕዝ ቁጥር የታተመ፣ አይኤስቢኤን የሌለው፣ ሁለት ደራሲ ያለው፣ በሦስት ቅጂ የሚገኝ። ኮሃ ጭነቱን መጀመሪያ ለብቻው ያቆየዋል፤ ካታሎጉ ውስጥ ከገባም በኋላ ያንኑ ጭነት መሰረዝ የሚያስችል ቁልፍ አለው። ከሁሉ በፊት የምትለማመዱት ያንን ቁልፍ ይሁን። የመደርደሪያ ቁጥር ስቲከር ስታትሙ በአማርኛው ቦታ ባዶ ሳጥን ከወጣ፣ የተመረጠው ፎንት ፊደላችንን አልያዘም፤ ሰርቨሩ ላይ እስኪስተካከል ድረስ ዝርዝሩን አውጥቶ ወርድ ላይ ማተም ይቻላል።

ሰርቨሩን ግቢ ውስጥ አድርጉት። ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ዴስክቶፕ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነቶች) ተጭኖበት ይበቃል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የውስጥ መረቡ እስካለ ማዋስ አይቆምም። መብራት ሲጠፋ ዳታቤዙ እንዳይጎዳ ዩፒኤስ የግድ ነው። በመደበኛው አጫጫን ኮሃ በየቀኑ የዳታቤዙን ግልባጭ ራሱ ያወጣል፤ የሚያስቀምጠው ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ማታ ማታ ኮምፒውተሩ የሚጠፋ ከሆነም ያ ሥራ ሳይከናወን ሊቀር ይችላል። ሁለት ፍላሽ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከሕንፃው ውጭ ይደር። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከፍላሹ ላይ ያለውን ግልባጭ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ «ሃይማኖት» ብላችሁ ፈልጉበት።