መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ፦ ከካንሰር የዳኑ ሰዎችና ዘመዶቻቸው የዘረ መል ምክር እንዲያገኙ የምሠራበት መንገድ

ስለ ዘረ መል (ጂን) ምክር፣ ማለትም ካንሰሩ በቤተሰቡ የሚወረስ መሆን አለመሆኑን ስለ ማጣራት፣ ሳነጋግር ምርመራን በመጀመሪያው ቀን አላነሣም። ከደብረ ብርሃን ከተማም ይምጣ፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር ወይም ከምንጃር፣ ለብዙው ሰው ምርመራ ማለት ገንዘብና ክፉ ወሬ ነው። ወረቀትና እርሳስ ግን ማንንም አያስፈራም። የምክሩ ትልቁ ሥራ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መሣል ነው፤ ይህም የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው። ለአብዛኛው ቤተሰብ ደግሞ ከዚያ ማለፍ ላያስፈልግ ይችላል፤ ከጡት ካንሰር በአንድ ዘረ መል ጉድለት በቀጥታ የሚወረሰው ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ነውና። ሐረጉ ተሥሎ ምንም የሚያሠጋ ነገር ያልታየበት ቤተሰብ ለዓመታት የተሸከመውን ፍርሃት አራግፎ ይሄዳል፤ ይህን እንደ ትልቅ ውጤት እቆጥረዋለሁ።

ሐረጉ የሚጀምረው ታክሞ ከዳነው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ «እኔን መርምሩኝ» ብላ ቀድማ የምትመጣው ጤነኛዋ ሴት ልጅ ናት። እሷን ቀድሞ መመርመር ግን የተሟላ መልስ አይሰጥም። ምንም ሳይገኝባት ቢቀር፣ የቤቱ ጉድለት ለእሷ ሳይደርሳት ቀርቶ ነው ወይስ ምርመራው ሊያየው የሚችል ጉድለት ከመጀመሪያውም አልነበረም? ይህን የሚለየው የታመመችው እናት ውጤት ብቻ ነው። እናቲቱን «እትዬ፣ ልጆችዎ የሚፈልጉት መልስ እርስዎ ዘንድ ነው» እላታለሁ። ለራሷም እንደሚጠቅማት አስረዳታለሁ፦ ጉድለቱ ካለባት ሌላው ጡትና ኦቫሪ የሚባለው የእንቁላል ማምረቻ ጥብቅ ክትትል ይሻሉ።

ሐረግ በመሣል ረገድ የእኛ አገር ሰው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። ለዚህ ሥራ ከታማሚዋ ጀምሮ ወደ ላይ ሦስት ትውልድ ይበቃል። ሁለት ኤ4 ወረቀት በጎን አጣብቄ አያቶችን ከላይ፣ ወላጆችን ከአክስትና ከአጎቶች ጋር መሐል ላይ፣ ታማሚዋን ከእኅት ወንድሞቿ ጋር ከሥር አደርጋለሁ፤ ልጆቿም ከእነሱ በታች ይሰለፋሉ። ወንድ ካሬ ነው፣ ሴት ክብ። የታመመው ይጠቁራል፣ የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሠመራል፣ ታሪኩ የተጀመረባት ሴት በቀስት ትመላከታለች። በእያንዳንዱ ሰው ሥር የካንሰሩ ቦታ፣ የታመመበት ዕድሜና የሞተበት ዕድሜ ይጻፋል። በእስክርቢቶ አትጀምሩ፤ ሳይጠሩ የቀሩ ልጆች ትዝ የሚሏቸው መጨረሻ ላይ ነው።

ሰባት ቤት ቆጠራ ግን አንድ ትልቅ ክፍተት አለው። ሽማግሌው ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት ሲወጣ በብዛት የሚጠራው ወንዶችን ነው፤ ወደ ሌላ ወረዳ የተዳሩት የአባት እኅቶች ሳይነሡ ያልፋሉ። ሰዎች በዚያ ላይ የጡት ካንሰር በእናት በኩል ብቻ ይወረሳል ብለው ያስባሉ። ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው ቢአርሲኤ1ና ቢአርሲኤ2 የሚባሉት ዘረ መሎች ጉድለት ግን ከአባትም ከእናትም እኩል ይተላለፋል፤ ጉድለቱ ካለበት ወላጅ የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። አባትየው ራሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ የአባት እኅቶችን አንድ በአንድ፣ ተድረው የሄዱበትን ቦታ እየጠቀስኩ እጠይቃለሁ። ቤተሰቡ የማይጠራቸውን ሴቶች ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ዝምድናውም መጣራት አለበት። የአጎትን ልጅ «ወንድሜ» ማለት የተለመደ ነው፤ የጡት ልጅና የክርስትና ልጅም በቤተሰብ ተራ ይቆጠራሉ። «በእናት ነው፣ በአባት ነው ወይስ በሁለቱም?» የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ እኅትና ወንድም ይቀርባል፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙት በሥጋ የሚጋሩት የሙሉ እኅትማማቾችን ግማሽ ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በሆስፒታል መዝገብ እኅትማማቾችን እንኳ በስም ማገናኘት ይቸግራል፣ የአክስትና የእኅት ልጅማ ጨርሶ አይገናኝም፤ ወረቀቱ ካላገናኛቸው ሌላ የሚያገናኛቸው የለም።

ዕድሜን በቀጥታ መጠየቅ አያዋጣም። «ስታርፍ ትልቅ ሴት ነበረች» ይባልና ሲጣራ የ40 ዓመት ሴት ትሆናለች። ደርግ ሲመጣ፣ በ77ቱ ድርቅ፣ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ወይስ ከሚሊኒየሙ በኋላ? ያኔ የመጨረሻ ልጇ ጡት ትታ ነበር? ስንቱን ድራ ነበር? እነዚህ መልሶች ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ልዩነት ያደርሱናል፣ ለዚህ ሥራም ይበቃል።

የበሽታው ዓይነትም እንዲሁ በጥንቃቄ ይጣራል። «የሳንባ ነቀርሳ» የተባለው አብዛኛውን ጊዜ ቲቢ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ለወራት መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ብትጠይቁ ይለያል። «የማህፀን ካንሰር» የተባለው ደግሞ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። የማህፀን በር ካንሰር ዋና መነሻው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው፣ በዘር የሚመጣ አይደለም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የልጃገረዶች ክትባትና ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የሚያደርጉት ቅድመ ምርመራ ነው። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር በአንድ ቤት ከታየ ሊንች የተባለውን የዘር ጉድለት ያስጠረጥራል። የኦቫሪ ካንሰር ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ቢመጣ፣ በቤቱ ሌላ ታማሚ ባይኖርም እንኳ፣ ለዘረ መል ምክር በቂ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ የሚፈታው የፓቶሎጂ ወረቀት፣ ማለትም ከእብጠቱ የተወሰደው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የታየበት ውጤት፣ ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የታከመች ዘመድ ካለች ወረቀቷ ቤት ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ይገኝ ይሆናል፤ ከመቃጠሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ።

ሐረጉ ሲያልቅ የማየው የተወሰኑ ነገሮችን ነው፦ በሁለቱም ጡት የወጣ ካንሰር፣ ወንድ ላይ የታየ የጡት ካንሰር፣ በፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ ሦስቱም ተቀባዮች (የኤስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና ኤችኢአር2 የሚባለው) ኔጋቲቭ የሆኑበት የጡት ካንሰር፣ ጡትና ኦቫሪ በአንድ ወገን መገናኘታቸው፣ ቆሽት ወይም ወደ ሌላ አካል የተሠራጨ ፕሮስቴት ካንሰር ከእነሱ ጋር መኖሩ። ከ50 ዓመት በታች መታመምም ምልክት ነው። ሆኖም አብዛኛው ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ከ50 በታች የሚታመሙት እኛ ዘንድ ብዙ ናቸው፤ ዕድሜ ብቻውን ሲሆን እንደ ሌሎቹ አጥብቄ አልይዘውም።

ለመግባባት የሚያስቸግረው ሳይንሱ አይደለም፤ የልጆች ትዳር ነው። «ዘራቸው በሽታ አለበት» ተብሎ ሴት ልጅ ጠያቂ እንዳታጣ እናቶች ይፈራሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነውና አላጣጥለውም። ወረቀቱን የሚያየው ማን እንደሆነ አስቀድሜ ከእሷ ጋር እስማማለሁ፤ ስም መጻፍ ካልፈለገች ቁጥር ይጻፋል፤ ባሏም ቢሆን ያለ ፈቃዷ አይነገረውም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ለሚሉኝ አልከራከርም። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚሄዱትን የምለምናቸው ቀጠሮና መድኃኒት እንዳይቋረጥ ብቻ ነው። በለቅሶ ቤት ደግሞ ይህን ነገር ፈጽሞ አላነሣም፤ እዚያ የሚነገር ሁሉ ለሟች ቤተሰብ ወቀሳ ሆኖ ይሰማል።

ምርመራ የሚያስፈልጋት ሴት ከመመርመሯ በፊት ሦስቱንም ውጤት ማወቅ አለባት። ጉድለት ተገኘ፣ አልተገኘም፣ ወይም ትርጉሙ ገና ያልታወቀ ለውጥ ተገኘ። ሦስተኛው በአፍሪካውያን ላይ በብዛት ይወጣል፤ ዓለም ላይ የተከማቸው የዘረ መል መረጃ በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ስለሆነ ነው። በዚህ ውጤት ብቻ ቀዶ ሕክምና አይደረግም፣ ዘመድም አይመረመርም። ላቦራቶሪው ትርጉሙን ሲያሻሽል እንዲታወቅ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጠየቅ ነው። ናሙናው ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ የሚቀዳ ደም ወይም ምራቅ ነው፤ ለምራቅ ከ30 ደቂቃ በፊት መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክ አይፈቀድም። የደም ካንሰር ላለበት ሰው ደምም ምራቅም ሊያሳስት ስለሚችል ናሙናው ከቆዳ ቢወሰድ ይመረጣል።

የቢአርሲኤ1 ጉድለት ካላቸው 100 ሴቶች እስከ 80 ዓመት ዕድሜ 70 ያህሉ የጡት፣ 44 ያህሉ የኦቫሪ ካንሰር እንደሚይዛቸው ጥናት ያሳያል፤ በቢአርሲኤ2 የኦቫሪው ወደ 17 ይወርዳል። ቁጥሮቹ የመጡት በአብዛኛው ከውጭ ቤተሰቦች ስለሆነ «ያህል» የሚለውን ሳልጨምር አልናገራቸውም። ወዲያው አስከትዬ የሚደረገውን እነግራለሁ። ጡትን ከ25 ዓመት ጀምሮ በባለሙያ ማስመርመር፣ ኤምአርአይ ሲገኝ በዓመት አንድ ጊዜ መነሣት፣ ከ30 ጀምሮ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) መጨመር። ወልዳ ለጨረሰች ሴት ኦቫሪንና ቱቦውን በቢአርሲኤ1 ከ35 እስከ 40፣ በቢአርሲኤ2 ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ማስወጣት የኦቫሪ ካንሰርን ሥጋት በ80 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አደጋውን ብቻ ሰምታ መፍትሔውን ሳትሰማ የወጣች ሴት ተመልሳ አትመጣም።

ጉድለቱ ከታወቀ ዘመዶችን የሚጠራው ባለሙያው ሳይሆን የዳነችው ሴት ናት። አጭር ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን፤ አዲስ አበባም ሆነ ዓረብ አገር ላሉት በስልክ ይላካል። «እኔን ያመመኝ ካንሰር በዘር የሚተላለፍ ሆኖ ተገኝቷል። አንተም ልትወርሰው ትችላለህ፤ ወርሰሃል ማለት ግን አይደለም። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ይዘህ ሐኪም አማክር።» ከደብዳቤው ጋር የላቦራቶሪው ውጤት ቅጂ ይያያዛል፤ የለውጡ መለያ ፊደልና ቁጥር በእጅ ሲገለበጥ አንዱ ከተሳሳተ ዘመዱ የሚመረመረው ሌላ ነገር ይሆናል። መለያው በትክክል ከደረሰ ግን ለዘመዱ የሚፈለገው ያቺ አንዲት ለውጥ ብቻ ስለሆነች ዋጋው ይቀንሳል፣ ያልወረሰውም ከቤተሰቡ ጉድለት በእርግጠኝነት ነፃ ነህ ይባላል።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአዋቂነት ለሚመጣ ካንሰር አይመረመሩም፤ ስማቸው ሐረጉ ላይ ይቀመጥና ሲያድጉ ራሳቸው ይወስናሉ። የዓይን ካንሰር ዓይነት የሆነው ሬቲኖብላስቶማ ግን በሕፃንነት ስለሚመጣ ልጁ እንደተወለደ ይመረመራል። የሐረጉ አንድ ቅጂ በታማሚዋ ካርድ ውስጥ፣ ሌላው ከቤተሰቡ ነገር በማይረሳው ሰው እጅ ይቀመጣል፤ አዲስ የታመመ ሲኖር ያ ሰው በእርሳስ ይጨምርበታል።