ባሕር ዳር ላይ የአራት መቶ ሰው ጉባኤ ስታዘጋጁ

ባሕር ዳር እንግዳ መቀበል የለመደች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ጸጥታ ላይ የሚመክረው የጣና ፎረም ብዙ የአፍሪካ ሹማምንትን አምጥቶባታል፤ የሐይቁ ዳር ሆቴሎችም ድንኳንና አዳራሽ ያውቁበታል። ያም ሆኖ አራት መቶ ተመራማሪ የሚሰበሰብበት ጉባኤ ሲመጣ የሚደጋገሙ ስሕተቶች አሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት ሰዓትና ቀን በሁለት ዓይነት ስለሚቆጠር፣ ቁጥሩም ወረቀት ላይ ሳይሰላ «ይበቃል» ስለሚባል ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ስሌቱን ጭምር አስቀምጣለሁ።

ወሩን ስትመርጡ ጥቅምትን አስቀድሙ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ጢስ ዓባይም ገና ውኃ አለው፤ ረጅም የአዋጅ ጾምም የለበትም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ዐቢይ ጾም ላይ ከወደቃችሁ 55 ቀን ሙሉ የምግብ ዝርዝሩ ሌላ ነው። በጥር 11 ዙሪያ ጎንደር ለጥምቀት ስለምትሞላ የባሕር ዳር አልጋም የአውሮፕላን ወንበርም በጭንቅ ይገኛል። ግንቦት ለመምህራን ይመቻል ይባላል፤ ሙቀቱ ግን ከምሳ በኋላ አዳራሹን ያስተኛዋል፤ ግንቦትን የመረጠ ዋና ዋና ንግግሮችን ጠዋት ይጨርስ። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ ዘንድሮ ያልነካችሁ ከርሞ ሊነካችሁ ይችላል። ዓርብን ደግሞ ከቀኑ 6:00 እስከ 8:00 ለጁምዓ ክፍት አድርጉት።

አሁን ወደ ሰዓቱ። መርሐ ግብሩ ላይ «2:30» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ግማሹን እንግዳ ከሰዓት በኋላ ይቀጥራል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው፤ በአንዱ «ከጠዋቱ 2:30»፣ በሌላው በፈረንጆቹ «8:30»። የአውሮፕላን ትኬት ሁልጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ትኬት ላይ 7:00 ያለው የጠዋቱ 1:00 ነው። ከሁሉ የሚያደናግረው ሌሊቱ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 1:00» ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:00 ነው። ሾፌሩ ማክሰኞ ማታ ቦሌ ሲደርስ እንግዳው ካረፈ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አይቀረው። ለሾፌር በሚሰጠው ወረቀት ላይ «አጥቢያ» የሚለውን ቃል ጻፉት፤ ያኔ የሚሳሳት ሰው የለም። ለቀኑም እንዲሁ ተጠንቀቁለት። በወትሮው ዓመት ጥቅምት 20 ኦክቶበር 30 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 አንድ ቀን ይገፋል። 2020 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነው፤ ያን ዓመት ጥቅምት 20 የሚውለው ኦክቶበር 31 ነው። ጥሪ ከመበተኑ በፊት የሳምንቱን ቀን ስም ከሁለቱም ቀኖች ጎን አስፍሩ፤ ስሕተት ካለ እሱ ያጋልጠዋል።

ምዝገባ ላይ የሚፈጠረው ሰልፍ የስም ጉዳይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭው የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ግን የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ በዚያ ይደረድራል። ውጤቱም አበበ የሚባል ሰው ባጁን «አ» ሥር ፈልጎ ሲያጣው፣ ባጁ በአያቱ ስም ሌላ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ነው። ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም፣ የውጭ እንግዶችን በቤተሰብ ስም ደርድሩና በሁለት ጠረጴዛ ለዩአቸው። በፊደል ቅደም ተከተል ስትሄዱ ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ላይ፣ ሰና ሠን በአንድ ላይ፣ አና ዐን በአንድ ላይ፣ ጸና ፀን በአንድ ላይ አድርጉ። ዓለሙ ስሙን በየትኛው እንደሚጽፍ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ከወሰደ፣ አራት መቶ ሰው በአንድ ሰዓት ለማስገባት ሰባት መዝጋቢ ያስፈልጋል። ምዝገባው በዋዜማው ከቀኑ 10:00 ጀምሮ ቢከፈትና ግማሹ ያን ማታ ቢያልቅ፣ ጠዋት አራት መዝጋቢ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የየብስ መንገዱ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ እንግዳን በአየር ማስመጣት ይሻላል። ኮስተር አውቶቡስ 30 ሰው ገደማ ይይዛል፤ ሻንጣ ሲጨመር ግን 22 ብላችሁ አስሉ። እንግዳን በበረራ ቁጥር እንጂ በሆቴል አትመድቡ፤ አንዱ በረራ ሲዘገይ የዚያ ዝርዝር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ለእንግዶች በሚሰጠው ካርታ ላይ ሕዝቡ የሚያውቀውን ስም ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ፖሊ ቴክኒኩንና የፔዳጎጂ አካዳሚውን አዋሕዶ ነው፤ የባጃጅ ሾፌር ዛሬም የሚያውቀው «ፖሊ» እና «ፔዳ» ብሎ ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ክፍለ ጊዜዎችን በሁለቱ ግቢዎች አትበትኑ፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ንግግሩ ያልቃል።

አዳራሹ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በሰከንዶች ውስጥ ይነሣል፤ ፕሮጀክተሩ ግን አምፖሉ እስኪቀዘቅዝና እንደገና እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ተናጋሪው 15 ደቂቃ ብቻ ካለው ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ በየክፍሉ ባለ አንድ ኪሎ ቮልት አምፒር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባትሪ) አስቀምጡ፤ ፕሮጀክተርና ላፕቶፕ ይይዛል። ሌላው ራስ ምታት ፊደሉ ነው። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ስላይድ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ቁልል ይሆናል። ሁሉም ስላይድ በፒዲኤፍ ጭምር በዋዜማው እንዲገባ ጠይቁ፤ በጠዋት ፍላሽ ይዞ የሚመጣን ሰው አትቀበሉ። የፖስተር ሰሌዳ ለኤ ዜሮ ወረቀት፣ ማለትም 84 በ119 ሴንቲ ሜትር እንዲበቃ አሠሩ፤ ቁመቱ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን የሚለውን በጥሪው ላይ ካልገለጻችሁ ግማሹ ከሰሌዳው ይተርፋል።

ምግብ ላይ ሳይቆጠብ መታሰብ አለበት፤ እንግዳ የሚያስታውሰው እሱን ነውና። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛው ይበዛል። ምዝገባው ላይ «የጾም፣ የፍስክ፣ የሙስሊም ሥጋ፣ ሥጋ የማይበላ» የሚል ጥያቄ አስገቡና በቁጥሩ እዘዙ። ሁለት ነገር ይበላሻል፤ ሽሮው ላይ ቅቤ ይገባና የጾሙ ጠረጴዛ በሙሉ ይጣላል፣ ወይም አንድ ጭልፋ በሁለቱ ሥጋ መካከል ይዘዋወራል። ጠረጴዛዎቹን አራርቁ፣ ጽሑፍ ለጥፉ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን አስተናጋጅ አቁሙበት። ዓሣን ከጾም ጠረጴዛ ላይ አታድርጉ፤ በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ቀረሶውና አምባዛው ለብቻው ይቅረብ። እንጀራ ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ብላችሁ ስድስት መቶ፣ ከዚያ ስልሳ መጠባበቂያ። ሰልፉን በተመለከተ፣ አንድ ሰው ሳህኑን ለመሙላት 20 ሰከንድ ከፈጀ በአንድ መስመር በደቂቃ ሦስት ሰው ያልፋል። በሁለቱም ጎን የሚነሣባቸው ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች አራት መስመር ይሆናሉ፤ አራት መቶው በ33 ደቂቃ ያልቃል። አንድ ጠረጴዛ ብቻ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ የከሰዓቱም መርሐ ግብር አብሮ ይፈርሳል። ውኃውን በትልልቅ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አቅርቡ፤ በቀን ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ቢባል 30 ጄሪካን ነው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቢሆን በሦስት ቀን 3,600 ባዶ ፕላስቲክ ይወጣል፤ ጣና ዳር ተሰብስቦ ይህን ትቶ መሄድ ያሳፍራል።

ቡናው በጀበና ይቅረብ፣ ግን ለዕረፍት ሰዓት አትመኩበት። አንድ ጀበና አሥር ሲኒ ቢወጣው፣ ለአራት መቶ ሰው አንድ አንድ ሲኒ አርባ ጀበና ነው፤ 20 ደቂቃ ውስጥ አይደርስም። ቀድሞ ፈልቶ በፔርሙስ ይጠብቅ፤ ቄጤማው፣ ፈንዲሻው፣ ዕጣኑ፣ አቦል ቶና በረካው ለመክፈቻው ማታ ይሁን። ከሰሉን ከአዳራሽ ውጭ፣ ድንኳን ሥር አድርጉት፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይጥላል።

የሐይቁ ጉዞ የጉባኤው ጌጥ ነው፤ ሲበላሽም እንደሱ የሚያሰጋ የለም። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ጥልቅ የተባለው ላይ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ማዕበል ያነሣል፤ ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ስለዚህ ጉዞው የጠዋት ነው። 1:00 መሰብሰቢያ፣ 1:30 መነሻ፣ 2:30 ዘጌ፣ 5:00 መመለሻ። ከሰዓት በኋላ ይሁን የሚል ኮሚቴ ካለ አጥብቃችሁ ተቃወሙት። ወደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የደሴት ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ ግማሹን እንግዳ ደጅ ለሚያስቀር ጉዞ የጋራ ገንዘብ አይወጣም። ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ውብ ነው፣ ግን ለግማሽ ቀን ሩቅ ነው። ዘጌ ይበልጣል፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ተቀራርበው ይገኛሉ፣ መንገዱም በቡና ደን ውስጥ ነው። ወደ ዑራ የሚወስደው መንገድ ግን ዳገት ነው፤ መራመድ ለሚከብደው ሰው ቅርብ የሆነውን ደብረ ማርያምን አዘጋጁ።

120 ሰው ቢመዘገብና ጀልባው 12 ቢይዝ አሥር ጀልባ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መጠባበቂያ፤ ሞተር የሚጠፋው መሐል ሐይቅ ላይ ነውና። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ከዚያ ለጎልማሳ ሰውነት የሚሆኑ አሥር ትርፍ፤ ከመሣፈር በፊት ይለበስ እንጂ ወንበር ሥር አይቀመጥ። የስም ዝርዝሩ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ወደቡ ላይ ይቅር፣ ሌላው ከጀልባው ጋር ይሂድ፣ ሲመለሱም በስም እንጂ በቁጥር አትቁጠሩ። ዘጌ ሲደርሱ ግማሹ ወደ ዑራ፣ ግማሹ ወደ አዝዋ ይሂድና በ45 ደቂቃ ይቀያየር፤ የቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከ30 በላይ አታስገቡ፤ ሥዕሎቹን ተጠግቶ በቦርሳ የሚያሻሽ ሰው እንዳይኖር ቦርሳ ደጅ ይቅር። በካሜራ ፍላሽ ፎቶ አይነሣም፣ ጫማ ይወልቃል፣ ቁምጣ አይሆንም፤ ይህን በዋዜማው ንገሩ፣ ሃያ ነጠላም ያዙ። መዋኘትን በግልጽ ከልክሉ፤ ዳርቻው ቢልሃርዚያ አለው፣ ዓባይ የሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ አለ። ማታ ሐይቁ ዳር ለሚቀመጡትም የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ይቅረብ።

የራት ግብዣው ላይ ምግቡ ከንግግሩ ይቅደም። ተናጋሪዎቹ ሦስት፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፤ አዝማሪውና እስክስታው ከዚያ ይከተል። የድምፅ ማጉያው ወደ መድረኩ ፊት እንጂ ወደ ጠረጴዛዎቹ አይዙር፤ በሩቅ አገር የሚኖሩ ባልደረቦች የሚያወሩበት አንድ ማታ ይህ ብቻ ነው። የማታ የሰዓት ገደብ ካለ ራቱ ቀደም ይበል፤ አውቶቡሱም ባጃጅ ከመቆሙ በፊት ይንቀሳቀስ።

ገንዘቡን በአጭሩ። ሦስት ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ያካተተ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፤ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ያላካተተው ነው። ለጀልባና ለገዳም መግቢያ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይገኝ ስለሚችል፣ በምን ሰነድ እንደሚወራረድ ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ለመግቢያው ዝርዝር ብርም ያዙ።

የመመለሻውን ወረቀት ከመጨረሻው ቀን በፊት በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ለጥፉ፤ ስም፣ የበረራ ቁጥር፣ መኪና የሚነሣበት ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር። በአጥቢያ የሚሄድ ካለ፣ በዋዜማው ማታ 2:00 ላይ ስልክ ደውሎ የሚያረጋግጥለት ሰው በስም ይመደብ።