ሁለት ጊዜ ቆሞ የጠበቀኝ መኪና

መኪናዬን ለረጅም ጊዜ አቁሜ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው 8 ወር፣ ሁለተኛው ደግሞ 14 ወር ፈጀ። ከአጭሩ ጉዞ ስመለስ ያገኘሁት የሞተ ባትሪ፣ ከታምቡሩ ጋር የተጣበቀ የፍሬን ሸራ፣ አይጥ የበላው ሽቦ እና ከወንበሮቹ ላይ ለወራት አልለቅ ያለ የሻጋታ ሽታ ነበር። ከረጅሙ ስመለስ ግን መኪናው በማግስቱ ተነሥቶ በራሱ ኃይል ከመቆሚያው ወጣ። መኪናው ያው ነው፤ የቆመበትም ቦታ ጣሪያ፣ በርና የሲሚንቶ ወለል ያለው ያው ቦታ ነው። የተለወጠው የእኔ አሠራር ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱም ጊዜ ያደረግኩትን በዝርዝር ብጽፈው ለሌላ ተጓዥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ጊዜ ታናሽ ወንድሜን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየሳምንቱ እየመጣ ሞተሩን አስነሥቶ ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲያሞቅልኝ። ወንድሜ አደራውን አንድም ሳምንት አላጓደለም። ስህተቱ ያለው እኔ የሰጠሁት አደራ ላይ ነበር። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት ከባትሪው ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ ሞተሩ በቆመበት በዝግታ ሲሠራ ዲናሞው የሚመልሰው ግን ጥቂት ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ መኪናው ቆሞ የሚበላውን ጨምረን ስናስበው ባትሪው በየጊዜው ከተቀበለው በላይ ይሰጣል ማለት ነው። በአምስተኛው ወር ሞተሩ አልነሣም አለ፤ ወንድሜም ከሌላ መኪና ባትሪ በኤሌክትሪክ ገመድ እያገናኘ እያስነሣ እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

ከባትሪው የባሰውን ጉዳት ያሳየኝ መካኒኩ ነው። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ከሥሩ የተጋገረውን እንደ ወተት የነጣ ዝቃጭ በጣቱ ጠርጎ አሳየኝ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩና የጭስ ማውጫው በደንብ ሲግሉ ይህ እንፋሎት ተባርሮ ያልቃል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ግን ዘይቱም ማርሚታውም በበቂ ሁኔታ ስለማይግሉ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተለውጦ እዚያው ይቀራል። እኛ ለመኪናው ጥሩ እያደረግን መስሎን በየሳምንቱ ዘይቱን በውሃ ስንበርዝና ማርሚታውን ከውስጥ ስናዝግ ከርመናል። ከዚያ ወዲህ ያለኝ አቋም አንድ ነው፤ የሚንከባከበው ሰው መኪናውን በየሁለት ሳምንቱ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ሊነዳው የሚችል ከሆነ ይንዳው፤ የማይችል ከሆነ ግን ቁልፉን ጨርሶ እንዳይነካው። ሞተሩን በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሣት ደግሞ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ምክንያት ሰውን ይገድላል፤ ወንድሜን በዚያ በር ሥር በየሳምንቱ ማቆሜን ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

ለሁለተኛው ጉዞ ስዘጋጅ በባትሪው ጀመርኩ። መኪና ተቆልፎ ሲቆምም ሰዓቱ፣ የደወል መሣሪያውና ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይስባሉ። በቴስተር ስለካው በመጀመሪያ ያየሁት ቁጥር ከፍተኛ ነበር፤ ኮምፒዩተሮቹ ከተቆለፈ በኋላ ወዲያው ስለማያርፉ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ እንደገና ስመለከት 40 ሚሊ አምፔር ሆነ። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን በቀን ወደ 1 አምፔር ሰዓት፣ በወር ወደ 29 አምፔር ሰዓት ይደርሳል። ባትሪዬ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ስለሆነ፣ ሙሉ ሆኖ ቢቆም እንኳ በሁለት ወር አካባቢ ባዶ ይሆናል፤ ሞተር ለማስነሣት አቅም የሚያንሰው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ 14 ወር ለሚቆም መኪና ባትሪውን ከመፍታት ሌላ አማራጭ አልነበረኝም።

ሲፈታ የሚቀድመው የኔጌቲቩ ገመድ ነው፤ ሲታሰርም መጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ፖዘቲቩ በቅድሚያ ቢፈታ መፍቻው የመኪናውን አካል በነካ ቅጽበት እሳት ሊፈጠር ይችላል። ከመፍታቴ በፊት የሬዲዮውን የምስጢር ቁጥር ጻፍኩ፤ በሩንም ቁልፉን በእጅ አስገብቼ መክፈትና መዝጋት ሞከርኩ። ይህን ማድረጌ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለዓመታት በሪሞት ብቻ ስጠቀም የቆየሁት የበሩ ቀዳዳ ደርቆ አልዞርም ብሎ ነበር፤ ባትሪውን ፈትቼ በሩን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ መልሶ መክፈት ችግር ይሆንብኝ ነበር። ቀዳዳውን ቅባት ረጭቼ አላላሁት። ባትሪውን አውጥቼ ሙሉ በሙሉ ከሞላሁ በኋላ ቀዝቀዝ ያለና አየር የሚገባው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ወንድሜ በየሁለት ወሩ ቮልቴጁን እየለካ እንዲጽፍና ከ12.4 ሲወርድ እንዲሞላው ተስማማን። የሞላ ባትሪ ባረፈበት 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። ጎድሎ የቆየ እንደሆነ ግን በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው ሰልፌት እየጠነከረ ይሄድና ከዚያ በኋላ ቢሞላም የቀድሞ አቅሙን አያገኝም። የመጀመሪያውን ባትሪዬን የጨረሰውም ይኸው ነው።

ጎማዎቹን በተመለከተ ሁለት ምክር ተሰጥቶኝ ነበር፤ አንዱ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በብረት ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ፣ ሌላው አየሩን ጨምሮ መተው። የመጀመሪያውን ያልመረጥኩት መንኮራኩሮቹ ለ14 ወር ተንጠልጥለው ሲቆዩ የአምርቲዛተሮቹና የእግሮቹ ከላስቲክ የተሠሩ ክፍሎች ከተለመደ አቀማመጣቸው ውጭ እንዲወጠሩ ስላልፈለግኩ ነው፤ በዚያ ላይ አጠገቡ ሕፃናት የሚያልፉበትን የተንጠለጠለ መኪና ትቶ መሄድ ልቤ አልፈቀደም። ስለዚህ በጎማው ጎን ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ሳላልፍ አየሩን ከ32 ወደ 40 ፒኤስአይ ከፍ አደረግኩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጭኖ እንዳይጠፈጠፍም በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ወንድሜ ቮልቴጅ ሊለካ በመጣ ቁጥር ከአንድ ጓደኛው ጋር መኪናውን ገፍተው ሩብ ዙር እንዲያንቀሳቅሱት ነገርኩት። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ስለሆነና ወለሉ ለጥ ያለ በመሆኑ ይህን ያለ ሞተር ማድረግ ይቻል ነበር።

የእጅ ፍሬኑን አልሳብኩም። በመጀመሪያው ጊዜ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣበቀው በፍሬን ተይዞ ወራት መክረሙ ነበር፤ እሱን ለማላቀቅ መንኮራኩሩ ወርዶ ታምቡሩ በመዶሻ ተመታ። አሁን ግን አንደኛ ማርሽ አስገብቼ በሁለት ጎማዎች ፊትና ኋላ ጠንካራ ታኮ አደረግኩ።

ነዳጁ ላይ ብዙ አሰላስያለሁ። ቤንዚን ሲቆይ ቀላል የሆኑት ክፍሎቹ ይተናሉ፤ ከአየር ጋር የሚገናኘውም እየተበላሸ ሙጫ መሰል ነገር ይፈጥራል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ጋኑን ጎዶሎ መተው ማለት ለአየርና ለእርጥበት ቦታ መስጠት ስለሆነ እስከ አፉ ሞላሁት፤ ከመሙላቴ በፊት ግን ነዳጅ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ኬሚካል በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨመርኩበትና 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁ። መንዳቱ የሚያስፈልገው ኬሚካሉ የገባበት ቤንዚን በመስመሮቹና በነዳጅ መርጫዎቹ ውስጥ ያለውን እንዲተካ ነው። ኬሚካሉ የተበላሸን ነዳጅ አያድንም፤ ስለዚህ የሚጨመረው አዲስ ነዳጅ ላይ ነው።

የሞተር ዘይቱን ከመሄዴ በፊት ቀየርኩ፤ ያገለገለ ዘይት ከቃጠሎ የሚመጣ አሲድና እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱ ለአንድ ዓመት በዚያ ተነክሮ ባይከርም ይመረጣል። የራዲያተሩን ፈሳሽም ተመለከትኩ፤ ዝገት የሚከላከለው ድብልቅ መሆኑንና አለመጉደሉን አረጋገጥኩ።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት የአይጥ ነገር ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ከኮፈኑ ሥር ከወንበር ስፖንጅና ከወረቀት የተሠራ ጎጆ፣ አጠገቡም ሽፋኑ የተበላ የሽቦ ጥቅል አገኘሁ፤ መንስኤው ወንበር ሥር የረሳሁት የብስኩት ፍርፋሪና መሳቢያው ውስጥ የተውኩት ሶፍት ይመስለኛል። ስለዚህ ውስጡን በመጥረጊያ ማሽን ጠርጌ፣ የሚበላም ለጎጆ የሚሆንም ነገር አንድም ሳላስቀር አወጣሁ፤ የጭስ ማውጫውን፣ የሞተሩን አየር ማስገቢያና ከመስታወቱ ሥር ያለውን የአየር መግቢያ በብረት ሽቦ መረብ ዘጋሁ፤ በእያንዳንዱም ላይ ቀይ ጨርቅ አሠርኩ። ናፍታሊን እንድጠቀም የመከሩኝ ነበሩ፤ ሽታው ከጨርቅ ስለማይለቅና መተንፈሱም ጤና ስለሚጎዳ አልተቀበልኩትም። በመጨረሻም የዘጋሁትን፣ የፈታሁትንና የለወጥኩትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፌ መሪው ላይ አሠርኩት። የተዘጋ አየር ማስገቢያ ያለው ሞተር ቢነሣ የሚከተለውን ጉዳት እያወቅኩ በማስታወስ ችሎታዬ ላይ ብቻ መተማመን አልፈለግኩም።

በመጀመሪያው ጊዜ ሻጋታውን ያመጣው ምንጣፉ ውሃ እንደያዘ መኪናውን የላስቲክ ልብስ ማልበሴ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ መኪናውን ከሥሩ ጭምር አጥቤ፣ ነድቼ አደረቅሁት፤ ምንጣፎቹን አውጥቼ ለብቻ አስቀመጥኩ፤ ያለበስኩትም አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። ለመድን ሰጪውም መኪናው እንደማይንቀሳቀስ በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ በውሉ ውስጥ ለቆመ መኪና የእሳትና የስርቆት ሽፋን የሚቀጥል መሆኑን አነበብኩ፤ የመኪናውን ሰነዶች ከውስጡ አወጣሁ።

ስመለስ ወዲያው ቁልፍ አላዞርኩም። በመጀመሪያ ከሥሩ ተንበርክኬ የፈሰሰ ነገር መኖሩን አየሁ፤ ደረቅ ነበር። ወረቀቱ ሦስት መረብ ይላል፤ እኔ ወዲያው ያገኘሁት ሁለት ነው። ሦስተኛው የሞተሩ አየር ማስገቢያ ላይ ያለው ነበር፤ ቀይ ጨርቁ ወደ ውስጥ ወድቆ አይታይም ነበር፤ ወረቀቱ ባይኖር እንደ ዘጋሁት አስነሣው ነበር። የወንድሜ መዝገብ ሰባት መስመር አለው፤ ቮልቴጁ ሁለት ጊዜ ከ12.4 ወርዶ ሁለቱንም ጊዜ ተሞልቷል። ባትሪውን አሠርኩ፣ የዘይቱን ልክ አየሁ፣ የጎማውን አየር ወደ 32 መለስኩ፣ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ከዚያም የነዳጅ ፓምፑ መስመሩን እንዲሞላ ሞተሩን ሳላስነሣ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ፤ የዘይት መብራቱም ወዲያው ጠፋ።

የፍሬን ዲስኮቹ ላይ የወጣው ቀለል ያለ ዝገት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ድምፅ አሰማ፤ ሰው በሌለበት መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ በቀስታ እየደጋገምኩ ስይዘው ጠራ። ጎማዎቹ በመጀመሪያ ትንሽ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሲሞቁ ተስተካከሉ። ቤንዚኑ ግማሽ እስኪደርስ በርጋታ ነድቼ በአዲስ ሞላሁት። በዚያው ሳምንት የፍሬን ዘይቱን አስቀየርኩ፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ነገር ነው። በጎማዎቹ ጎን ያሉትን አራት አሃዞችም አነበብኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱን ያመለክታሉ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ክራቸው ገና ጥልቅ ቢሆንም ከተሠሩ 9 ዓመት አልፏቸው በጎናቸው የተሰነጣጠቀ መስመር ይታይ ስለነበር፣ ረጅም መንገድ ከመውጣቴ በፊት በአዲስ ተካኋቸው።