ቤት ፍለጋ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ዛሬ ቤት ፍለጋ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስዞር ዋልኩ። ሰፈሩን እወደዋለሁ። እንጦጦ ከጀርባው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ። ደላላው «ሙሉ ግቢ በያት እህቴ» ያለኝ ቤት ግን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ሆና ጠበቀችኝ። አዲስ ቀለም ተቀብታለች። ጥጉ ላይ ግን እርጥበቱ ቀለሙን አሳብጦታል። በጣቴ ነካ ሳደርገው እርግፍ አለ።

አከራይዋ እማማ ደግ ሴት ናቸው። ቡና እየቀዱልኝ «ስንት ናችሁ? እንግዳ ይበዛብሻል? ማታ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ውሃ በፈረቃ፣ ቆጣሪው የጋራ። እሺ። ክፍያ ላይ ስንደርስ የ6 ወር ቅድሚያ አሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል አይፈቅድም። ውሉም ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፣ መመዝገብም አለበት። ይህንኑ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ደላላው ሳቀብኝ።

«የኔ ልጅ፣ አዋጁ ጣሪያዬን አይጠግንልኝም» አሉ እማማ። እውነታቸውን ነው፣ ቆርቆሮው ዝጓል። የኔ ደሞዝ ግን የ6 ወሩ ቀድሞ አይከፈልም።

ደላላው ሲሸኘኝ የማሳያ 300 ብር ተቀበለኝ። እሱም ላይ ቅናሽ የለም።