ዝገት የበላው ሰይፍ

ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የሰተን ሁ ዕቃዎች ያሉበት ክፍል ሰው የሚጋፋው የራስ ቁሩና ወርቁ ጋ ነው። አይፈረድበትም። እኔ ግን እንጀራዬ ብየዳ ስለሆነ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሰይፉ ነው። ሲያዩት ከሰገባው ጋር የተጣበቀ፣ ዝገት የጨረሰው ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ ሰተን ሁ በተባለ ቦታ፣ ሟች ከነመርከብ ከተቀበረበት መቃብር የወጣ ሲሆን፣ ዕድሜው 1400 ዓመት ገደማ ነው። ጉዱ የወጣው በኤክስሬይ ሲታይ ነው።

መሐሉ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። 8 የቀጫጭን ብረት ዘንጎች ጥቅሎች፣ አራቱ ከአራቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተበይደው ነው የተሠራው። ጥቅሎቹ ቦታ ቦታ ላይ እንደ ገመድ ተጠምዝዘዋል፣ ሌላ ቦታ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ስለቱ ደግሞ ለብቻው ዙሪያውን ተበይዷል።

እስቲ አስቡት። ማሽን የለም፣ ኤሌክትሮድ የለም። ያለው ከሰል፣ ወናፍና መዶሻ ነው። ብረት በምት የሚጣበቀው 1200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲግል ነው፤ ቀጥቃጩ ይህን የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። ቀይ ከሆነ ገና ነው። ወደ ነጭ ያደላ ቢጫ ሲሆን ይመታል። ካሳለፈው ብረቱ ብልጭታ እየረጨ መቃጠል ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የጋለ ብረት አየር ሲነካው ቅርፊት ያወጣል፤ ቅርፊት ላይ ደግሞ ብየዳ አይዝም። የድሮ ቀጥቃጮች መላ አሸዋ ነው። አሸዋው ከቅርፊቱ ጋር ይቀልጥና በመጀመሪያው ምት ከመገጣጠሚያው ተፈናጥሮ ይወጣል። የእኛ ኤሌክትሮድ ሽፋንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከበየድን በኋላ እያንኳኳን የምናራግፈው ቆሻሻ የዚያ አሸዋ የልጅ ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለጥንካሬ ነው የሚል ብዙ ነው። እኔ ዋናው ነገር ውበት ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። ፎስፈረስ የበዛበት ብረት ከሌላው ይልቅ ስለሚያበራ፣ ሲወለወል ጥምዝምዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጣሊያኑ ገዥ ቴዎዶሪክ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰይፍ በስጦታ ሲደርሰው፣ ጸሐፊው ካሲዮዶረስ የምስጋና ደብዳቤው ላይ በሰይፎቹ መሐል ትንንሽ ትሎች የሚጥመለመሉ ይመስላል ብሎ ጽፏል። እኛ ብየዳችን እንዳይታይ ሞርደን እናጠፋለን። እነሱ ብየዳውን ራሱን ጌጥ አደረጉት።

ጥሩ ብረት እየተገኘ ሲሄድ ጥምዝምዙ ቀረ። ሙያው ግን ወደ ፊደል ዞረ። ከ9ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ ብዙ ሰይፎች ላይ ኡልፍበርት የሚል ስም ከመስቀል ምልክት ጋር በብረት ሽቦ ተቀጥቅጦ ገብቷል። ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ቀጥቃጭ ስለሌለ፣ ስሙ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። ፎርጅድም ነበረው። ፊደሉ የተዛባ ወይም መስቀሉ ያለቦታው የገባባቸው ሰይፎች ሲመረመሩ ብዙዎቹ ብረታቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል።