ካዝናው ጎታ ውስጥ

ጠመንጃ የሌለው ገበሬ እጁን እንደታሰረ ነው ብዬ አምኜ ነው ያደግኩት። ወሎ፣ ደላንታ ተወልዶ በዚህ የሚከራከር ሰው ብዙ አላየሁም። የእኛን ክላሽ አባቴ በሬ ሽጦ ነው የገዛው። ደርግ በ1983 ሲወድቅ የተበተነው ወታደር መሣሪያውን ለመንገድ ስንቅ እያለ ሸጦ ሲያልፍ፣ ዲሞትፈርና ምንሽር ይዞ የኖረው ሁሉ ክላሽ አማረው። ስለዚህ "መሣሪያ ይመዝገብ፣ ቁጥጥር ይደረግበት" የሚል ሰው ስሰማ፣ ይሄ ከተሜ ነው፣ ሌባ ሲመጣበት የሚደውልለት ፖሊስ አለው እል ነበር።

አሁን እንደዚያ አላስብም። ሁሉም ትጥቁን ይፍታ ወደሚለውም አልሄድኩም። የምጽፈው የቆምኩበትን ቦታ ለራሴ ለማጥራት ነው።

ሐሳቤን መጀመሪያ ያነቃነቀችው እናቴ ናት። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ጠላ ላይ አረቄ ከደረበበት የድሮ ነገር ሁሉ ይነሳበታል። የወሰን ነገር፣ የግጦሽ ነገር፣ አባቱ ያወረሱት ቂም። ክላሹ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው፤ ሰደፉ በእጅ ብዛት ተወልውሎ ያብለጨልጫል። በዓል ሲደርስ እናቴ የጥይት ካዝናውን ነቅላ ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ ሥር፣ ክንዷ እስከ ትከሻዋ እስኪገባ ድረስ ትቀብረዋለች። አባቴ ያውቃል። ግን የት አደረግሽው ሲላት አንድም ቀን አልሰማሁም። በማግስቱ ወይ በሠልስቱ ካዝናው የገብስ አቧራ እንደለበሰ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እሷ በጨርቅ ታብሰዋለች፣ ወሬም የለም።

ያኔ የሴት ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው በሕይወቴ ካየሁት የመሣሪያ ቁጥጥር ሁሉ የሠራው ያ ነው። እናቴ ጠመንጃውን አልወሰደችበትም። በንዴቱና በጥይቱ መሃል አንድ ሌሊት ነው ያስገባችው። በዱላ የተጣላ ሰው ገላጋይ ይደርስለታል፤ 30 ጥይት የጎረሰ ክላሽ ግን ገላጋይ አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ገዳይ አገር ጥሎ ይሰደዳል፣ የሟች ወንድም ደመኛ ይሆናል፣ ልጆች ያልሠሩትን ደም ይወርሳሉ፣ ሽማግሌው ደሙን ለማድረቅ ከቤት ቤት ሲመላለስ ይከርማል። በእነ ተሁለደሬና ቃሉ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ፣ ስንቱን ደመኛ አስታርቀዋል። ግን እነሱ የሚደርሱት አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በራሱ ላይ ክፉ ሐሳብ የገባበት ሰውም እንደዚሁ ነው። ያቺን ሌሊት የሚያሳልፈው ካገኘ ብዙው ይድናል።

ሁለተኛው የሰርግ ተኩስ ነው። ሙሽራ ሲገባ ካልተተኮሰ ሰርጉ ሰርግ አይመስለንም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ሰርግ ላይ የወረደ ጥይት የቤቱን ቆርቆሮ በስቶ፣ ውስጥ ወጥ ስታማስል የነበረችን ልጅ ትከሻዋ ላይ አገኛት። ተርፋለች፤ እጇ ግን እንስራ አያነሳም። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይም ይደርሳል። ወደ ሰማይ ተኮስኩ ያለ ሁሉ የሆነ ሰው ቤት ላይ ነው የተኮሰው። የልጅቷን ትከሻ ማን እንደመታው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ሁሉም ተኩሷል።

ይህን ሁሉ ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "በ14 ማን ደረሰልህ?" አለኝ።

መልስ የለኝም። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ በእግሩ ሲሰደድ አይቻለሁ። መሣሪያ ያለውም የሌለውም ተሰደደ፣ ልክ ነው፤ ግን ባዶ እጁን የቀረ ሰው የተሰማውን እኔ ደሴ ተቀምጬ ልከራከረው አልችልም። ከ2015 ወዲህ ያለውንማ እየኖርነው ነው። አዋጁ አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይባላል፣ ፈቃድ አውጣ ይላል። ሰው ግን ዛሬ ያስመዘገብኩትን ነገ ይወስዱብኛል ብሎ ከፈራ አያስመዘግብም። አውስትራሊያ በፈረንጆቹ 1996 አንድ ሰው 35 ሰው ከገደለ በኋላ፣ መንግሥት ዋጋውን እየከፈለ 650,000 ገደማ ጠመንጃ ሰብስቧል። እዚያ ያለው ገበሬ ጠመንጃውን ሲያስረክብ በማግስቱ ማን ይጠብቀኛል ብሎ እንቅልፍ አላጣም። የእኛ ገበሬ ያጣል።

ስለዚህ አሁን የማምነው ይህን ነው። ገበሬው መሣሪያውን ይያዝ፣ ያስመዝግብ፤ የሚጠብቀው ኃይል ሳይኖር አምጣ አይባል። ግን ከቤት አይውጣ። ገበያ፣ ጠላ ቤት፣ ሰርግ፣ ተዝካር ላይ ክላሽ አንግቶ መምጣት ነውር ይሁን። ደም ያለበት ወይም በወሰን የተካሰሰ ሰው ደግሞ እርቅ እስኪወርድ ጠመንጃውን ሽማግሌ ዘንድ ያስቀምጥ። ይህን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አያስፈጽመውም። ማን ከማን እንደተቀያየመ የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው።

የወንድሜ ልጅ ከጥምቀት በኋላ ያገባል። ተኩስ እንዳይኖር ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። "አብሽር፣ የሚተኩሱት የሚችሉ ሰዎች ናቸው" አለኝ። የልጅቷን ትከሻ አስታወስኩት። ትንሽ ዝም አለና "ሰው ይቀየማል" አለ። ይቀየም። ዳሱ በር ላይ ቆሜ የእንግዳውን ካዝና የምቀበለው እኔ እሆናለሁ፣ ቅያሜውም በእኔ ይሁን ብዬዋለሁ። እስካሁን እሺም እንቢም አላለኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ እንደገና አነሳበታለሁ።